ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአረጋውያን እናቶች ላይ ስለሚደርስ የአእምሮ መደናገር

በይፋት ቆላ በካራቆሬ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ሰባውን ያለፈ አንዲት እናት፣ በደጃቸው ላይ አዳልጧቸው ወድቀው ከዳሌያቸው ላይ ተሰበሩ። ልጆቻቸው ወደ ሆስፒታል ወስደዋቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሥራውም በደኅና ተፈጸመ። በሁለተኛው ሌሊት ግን እኒያ ጭምት ሴት ከአልጋቸው ለመውረድ እየታገሉ፣ «ምድር ተናወጠች፤ ከቤት ውጡ!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። የገዛ ልጃቸውን በሟች እኅታቸው ስም ጠሯት። ከቤተ ዘመዱም ገሚሱ «መንፈስ ነው» አለ፤ ገሚሱ «ማደንዘዣው አሳበዳቸው» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የሴትዮዋ ጩኸት ግን ከባዶ የመጣ አልነበረም። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ማጀቴን ሲያፈርስ፣ በካራቆሬም ብዙ ቤት ሲጥል፣ እርሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ። የታወከ አእምሮ የዛሬውን ቀን ሲያጣ የጥንቱን ያነሣል።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ዴሊሪየም ይሉታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀኖች ውስጥ በድንገት የሚመጣ፣ ቀን ጋብ ብሎ ሌሊት የሚበረታ መደናገር ነው። እብደት አይደለም። የደከመ አንጎል ቁስሉ ያስነሣውን ብግነት፣ የማያባራ ሥቃይን፣ የውሃ ማነስን፣ የእንቅልፍ እጦትን፣ የሽንት መታገድን ወይም አንዳንድ መድኃኒትን መቋቋም ሲያቅተው የሚያሳየው ምልክት ነው። አንዳንድ ጊዜም የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የመጀመሪያ ምልክቱ ይኸው መደናገር ይሆናልና፣ ቤተሰብ ይህን ባየ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ መንገር አለበት። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ፣ የወር አበባቸውም ከቆመ በኋላ አጥንታቸው እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በዳሌ ስብራት ሐኪም ፊት የሚቀርቡት አረጋውያን ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ።

የሚጮኹትስ ቢያንስ ሰው ያያቸዋል። የሚያሳዝኑት ዝም የሚሉት ናቸው። ዓይናቸውን ከግድግዳው ላይ ተክለው፣ ምግብ ሲሰጧቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ይውላሉ፤ ጠያቂውም «ዐረፉ፣ ተኙ» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ይህም ያው ሕመም ነው።

ከዚህ ሌላ፣ ቀስ ብሎ የሚታወቅና የሚቆይ መዘንጋት አለ። በ1955 እ.ኤ.አ. ቤድፎርድ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም፣ ቤተ ዘመዶች «ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆኑም» የሚሉትን አቤቱታ ከቁም ነገር ቆጥሮ ስለዚሁ ጽፎ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 1,218 ሕሙማንን ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ መርምሮ፣ ከሳምንት በኋላ ከአራቱ አንዱ፣ ከሦስት ወር በኋላም ከአሥሩ አንዱ ያህል የማሰብና የማስታወስ ችሎታቸው ቀንሶ እንደ ተገኘ አስታወቀ።

ታዲያ ጥፋቱ የማደንዘዣው ነውን? የዳሌ ስብራት በደረሰባቸው 1,600 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ሙሉ ማደንዘዣ የወሰዱትንና ከወገብ በታች ብቻ የደነዘዙትን ቢያነጻጽር፣ በመደናገሩ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ «አእምሮዬን ይወስድብኛል» ብላ ቀዶ ሕክምናን እንቢ የምትል እናት ብትኖር፣ በተሰበረ ዳሌ አልጋ ላይ መቅረት የሳንባ ምችን፣ የደም መርጋትንና የአልጋ ቁስልን እንደሚያስከትል በትዕግሥት ማስረዳት ይገባል።

ጥናቱ አስቀድሞ መመርመሩን ልብ በሉልኝ። የቀድሞውን ካላወቁ የኋላውን ጉድለት መለካት አይቻልም። ፊደል ያልቈጠሩ እናቶቻችንን በወረቀት ጥያቄ መፈተን ከንቱ ነው፤ ነገር ግን በ12 ሚካኤልን፣ በ19 ገብርኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ29 በዓለ ወልድን ዕድሜ ልካቸውን ሳይስቱ ያከበሩ ናቸውና፣ «ዛሬ በዓሉ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእነርሱ ከብዙ ፈተና ይበልጣል። ወደ ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት መርሳት ጀምረው እንደ ሆነም ይህን ለሐኪሙ መደበቅ አያሻም። ብዙ ልጆች «እናታችንን ጃጀች እንዳይሏት» ብለው ይሸሽጋሉ፤ ፍቅር ነው፣ ግን ይጎዳታል።

መከላከያውስ? በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ሆስፒታል በተኙ አረጋውያን ላይ ይህ መደናገር ከመቶ 15 ወደ 10 ገደማ ዝቅ እንዲል ያደረገው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን አስታማሚ የሚሠራው ሥራ መሆኑን አሳየ። መነጽራቸውን መመለስ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ቀን ብርሃን ማሳየት፣ ሌሊት ጸጥታ መስጠት፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ፈጥኖ ማስነሣትና ማራመድ፣ ቀኑንና ቦታውን ደጋግሞ መንገር ነው። በእኛ አገር ጠያቂ ሃያ ሆኖ አልጋውን መክበቡ ልማድ ነው፤ የሚያውቋት አንዲት ልጅ እጃቸውን ይዛ ብትቀመጥ ይሻላል። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የእንቅልፍ ኪኒን መስጠት ወይም እጅ እግርን ማሰር ነገሩን ያብሳል። ጾሙንም በተመለከተ የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል፤ ሕመምተኛ ውሃ ተጠምቶ ሊቆይ አይገባውምና። ጸሎቱና ጠበሉም ሐኪሙን ከመጥራት የሚያግድ አይደለም።

የካራቆሬዋ እናት በስድስተኛው ቀን ልጃቸውን በስሟ ጠሩ፤ ስለ ጮኹበት ሌሊት ግን አንዳች አያስታውሱም። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ ሦስት ወር ሲሞላቸው ጥጥ እንደ ድሮው ይፈትሉ ነበር፤ ወጡን ግን ሁለት ጊዜ ጨው ይጨምሩበታል፤ የገበያውንም ሒሳብ ለልጅ ልጃቸው ትተውለታል። ልጃቸው አሁን የጨዉን ዕቃ ከምድጃው ዞር አድርጋ ማስቀመጥ ለምዳለች።