ደም የሚያነቡ ሰዎች

«ዩኒቨርሲቲ የምትማሩት ምንድን ነው? ሐኪም ናችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ሐኪም አይደለንም። የምንማረው የላቦራቶሪ ሙያ ነው።

ሐኪም በሽተኛውን ይጠይቃል፤ ይዳስሳል። ትኩሳት ግን በመዳሰስ ብቻ አይለይም። ወባ ያተኩሳል፤ ተስቦም ያተኩሳል፤ የሳንባ ምችም ያተኩሳል። ወባ መሆኑን የሚናገረው ደሙ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። የጣት ጫፍ በመርፌ ይወጋል። ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ ይደረጋል። ሲደርቅ ጂምሳ የሚባል ቀለም ይፈስበታል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ማይክሮስኮፕ 1000 ጊዜ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ነው። ክፍል ውስጥ እርስ በርሳችን ጣት እየተወጋጋን ነው የምንለማመደው። ያማል፤ ግን ቶሎ ይረሳል።

በአገራችን የሚበዙት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም እና ቫይቫክስ ይባላሉ። ፋልሲፓረም ቶሎ ካልታከመ አንጎል ደርሶ ይገድላል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። «ለ»ንና «ሰ»ን የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት አይደል? እኛም እንደዚያ በትንሽ ምልክት ነው የምንለያቸው። ስለዚህ ጎረቤት የተረፈውን ክኒን መዋጥ ይቅር።

ጤና ኬላ ማይክሮስኮፕ ባይኖርም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፈጣን መመርመሪያ አላት። ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል።

ይህ ሙያ ከወባ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀች በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የገጠር ጤና ሠራተኞች እዚያ ሠለጠኑ።

አስተማሪዎቻችን አጥብቀው የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው። «መጀመሪያ ስሙን አረጋግጡ» ይሉናል። በአንድ ቀበሌ ስንት ከበደ አለ? የአንዱ ደም በሌላው ስም ከተጻፈ፣ ጤነኛው መድኃኒት ይውጣል፤ በሽተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሁን ማንበብ ችላችኋል። ደም ከመስጠታችሁ በፊት ካርዱን ተቀበሉ። ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ ዕድሜያችሁን አንብቡ። በማታውቁት ፊደል ከተጻፈ፣ «ስሜን አንብቡልኝ» በሉ። የተሳሳተ ከሆነ፣ «ይህ የእኔ አይደለም» በሉ። ባለሙያው አይቆጣም።