መኪናው የት ላይ ነው የሚግለው?

በ2011 ዓ.ም ጥር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተመለስነው የአጎታችንን መኪና ተውሰን ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ደኅና ወረድን። ወደ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑም ሥር እንፋሎት ወጣ።

ወርደን የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ልንከፍት ስንል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ተው ወንድሜ! ፊትህን ሊገሸልጠው ነው!» ብሎ እጃችንን ያዘ። ትንሿ ልጃችን አጠገባችን ቆማ ነበር። ክዳኑ ውኃውን አምቆ ስለሚይዘው ከመፍያው በላይ ግሎም አይፈላም፤ ሲከፈት ግን ባንዴ ይፈነዳል። (2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ማርቆስ ክፍት ድስት በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሽምብራችን የሚዘገየውም በዚሁ ነው።)

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። የሾፌሩን የጀሪካን ውኃ የጨመርነው ሞተሩ ከበረደ በኋላ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቴስታታ ሊሰነጥቅ ይችላል።

ደብረ ማርቆስ አንድ አዛውንት መካኒክ ኮፈኑን ሳይከፍቱ «ልጄ፣ ቆሞ ነው የሚግለው ወይስ ዳገት ላይ?» አሉን። ቆሞ የሚግል፣ ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፋኑ ነው፤ በጉዞ ላይ ነፋሱ ሥራውን ይሠራለታልና። ዳገት ላይ ከሆነ ግን የውኃው ዝውውር ይጠረጠራል፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጊያ፣ የደከመ ፓምፕ፣ አልከፍት ያለ ቴርሞስታት። የእኛን ሞተር አጥፍተው የራዲያተሩን ገጽ በእጃቸው ዳበሱ። ዳርና ዳሩ ትኩስ፣ መሐሉ ቀዝቃዛ! ለዓመታት ከየመንገዱ የተቀዳው ውኃ ዝገትና ደለል ሆኖ ደፍኖታል። ቴርሞስታቱን ደግሞ ከዚህ በፊት የነካው መካኒክ ነቅሎ ጥሎታል። ይህ ልማድ ሞተሩን በብርድ አገር ሳይሞቅ ያሠራዋል፤ ነዳጅም ያስበላል።

እኛን ያስጨነቀን ግን ሌላ ነበር። መኪናው አማና ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ቢሆንስ? አዛውንቱ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘው አዩት። እንደ ማኪያቶ ነጣ ቢል ኖሮ ውኃ ከዘይቱ ተቀላቅሏል ማለት ነበር። በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው ሞተር ክዳኑን ከፍተው አስነሡት፤ ያለማቋረጥ የሚወጣ አረፋ አላዩም። አልሐምዱ ሊላህ።

እየፈራን ለአጎታችን ደወልን። «ደጀን ላይ ሁልጊዜም ይግልብኛል» አሉን፤ «ውኃ ጨምሬ ነው የምሄደው።»