ለጤናችን፦ ወገብ አመመን ብለን አልጋ አንያዝ

አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ወንዱ ጎንበስ ብሎ ያርሳል፤ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ሴቷ ጎንበስ ብላ ታርማለች፤ ውሃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣለች። ጋይንት ብንሄድ፣ ስማዳ ብንወርድ፣ እስቴ ብንሻገር «ወይ ወገቤን!» የማይባልበት ቤት የት አለ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

አንድ ገበሬ እናስብ። ጊዜው ሰኔ ነው። ዝናቡ ጥሏል። ገበሬው የዘር ጆንያ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ወገቡን ያዘው። ቀና ማለት አቃተው። ቤተ ሰቡ ደግፎ መደብ ላይ አስተኛው። ጎረቤት ሊጠይቀው መጣ። «እግዜር ይማርህ። በል እንዳትነሣ! ወገብ የሚሻው ዕረፍት ነው» አለው። ገበሬውም ተኛ። አንድ ሳምንት ተኛ። ሁለት ሳምንት ተኛ። ከዚያ ልነሣ ቢል ጉልበቱ ከዳው። ወገቡ እንደ እንጨት ደረቀ። ሕመሙም አለቀቀው። የዘሩ ጊዜ ግን አለፈ።

ጎረቤቱ ለክፋት አልመከረውም። እኛም ስንመክር የኖርነው ይህንኑ ነው። ሐኪሞችም ድሮ «ተኛ» ይሉ ነበር። ዛሬ ምክሩ ተለውጧል። ለምን ተለወጠ?

በፊንላንድ አገር፣ በሄልሲንኪ ከተማ የተሠራ አንድ ጥናት በ1987 ዓ.ም. ታተመ። ሐኪሞች ወገባቸውን ያመማቸውን 186 የከተማው ሠራተኞች በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹን «2 ቀን ተኙ» አሏቸው። ሁለተኛዎቹን ወገብ የሚያፍታታ እንቅስቃሴ አሳዩአቸው። ሦስተኛዎቹን «ሕመሙ እስከፈቀደላችሁ ድረስ የዘወትር ሥራችሁን ሥሩ» አሏቸው። ቀድሞ የተሻለው ማን ነው? ሥራውን ያልተወው ነው። የዘገየውስ? የተኛው ነው። 2 ቀን የተኛ ከዘገየ፣ 2 ሳምንት የተኛማ እንዴት ይሆን?

ሕመሙ ከ3 ወር በላይ የቆየባቸውም አሉ። ስለ እነርሱ የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ምክር አውጥቷል። ትምህርትና የሰውነት እንቅስቃሴ ይጠቅማቸዋል ብሏል። ለሕመም ተብሎ ወገብን በቀበቶ ማሰርን ግን አልደገፈም።

ነገሩን ከበሬ እንማረው። ክረምቱን ሙሉ ታስሮ የቆመ በሬ ቀንበር ሲጫንበት ያለከልካል። ጡንቻው ሟሽሿል። የእኛም ወገብ እንዲሁ ነው። የጀርባ አጥንታችንን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ካልሠራ ይደክማል፤ ይደርቃል።

«ታዲያ አሞኝ እንዴት ልሥራ?» እንል ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሞፈር እንያዝ አላልንም። ቀስ በቀስ ነው።

1. ሕመሙ ከባድ ከሆነ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ጋደም እንበል። ግን በየመካከሉ እንነሣ። ከመደቡ እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ አጥር እንራመድ።

2. በማግሥቱ ትንሽ እንጨምር። ጎረቤት ድረስ እንሂድ። ከብቱን ውሃ እናጠጣ። አንድ ቦታ ብዙ አንቀመጥ፤ ብዙም አንቁም።

3. ስንተኛ በጎናችን እንተኛ። በጉልበቶቻችን መካከል የታጠፈ ጋቢ እናድርግ።

4. ዕቃ ስናነሣ ጉልበታችንን እንጠፍ። ዕቃውን ወደ ሆዳችን እናስጠጋ። ጆንያውን ለሁለት እንክፈለው። ጀሪካኑን ግማሽ እንሙላው።

5. መታሸት ካስታገሰን ቀስ ብለን እንታሽ። ወገባችንን በኃይል እንዲረግጡት ግን አንፍቀድ። በጋለ ብረት መተኮስም ቁስል ይጨምራል እንጂ ወገብ አያድንም።

ስንንቀሳቀስ ትንሽ ቢያመን አንደንግጥ። ያመመ ሁሉ ተሰበረ ማለት አይደለም። ብዙው ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል።

ነገር ግን ቤት ተቀምጦ የማይታለፍ ሕመም አለ። እግር ከሰነፈ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ካመለጠ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ፣ በብልት ዙሪያ ከደነዘዘ፣ የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ። በቃሬዛም ቢሆን እንውሰደው። ከዛፍ ወይም ከገደል ወድቆ ወገቡን ያመመውም እንዲሁ። ትኩሳት ካለ፣ ሌሊት ካላበው፣ ሰውነት ከከሳም ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በሽታ የጀርባ አጥንትንም ይይዛልና። እርሱ የሚድነው በመድኃኒት ነው።

አሁን ወደዚያ ገበሬ እንመለስ። ጎረቤቱ ምን ቢለው ይሻል ነበር? «ተነሥ፤ ማሳው ድረስ አብረን እንሂድ። እርፉን እኔ ልያዝ። አንተ ከድንበሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልክ ዘሩን አቀብል። ሲሻልህ በወንፈል ትመልስልኛለህ» ቢለው ነበር። ያን ጊዜ ወገቡም አይደርቅም፤ ማሳውም ጦም አያድርም።

ሴቷ ስትታመምም ወንፈሉ ለእርሷም ይሁን። ውሃውን ባልና ልጅ ይቅዱ። እርሷ ቡናውን ታፍላ፤ ሽሮውን ትሥራ። ሲሻላት ግማሽ ጀሪካን ትያዝ። «ውሃ መቅዳት የሴት ነው» እያልን ወገቧን አንስበር።

የታመመን መጠየቅ ደግ ባህላችን ነው። ከእንግዲህ ስንጠይቅ «ተኛ» ብለን ብቻ አንመለስ። እጁን ይዘን እናራምደው።

ለመወያየት
— በቤታችን ወገቡን ያመመው ማን ነው? ምን ብለን መከርነው?
— ከከበደው ሥራ የትኛውን ልንካፈለው እንችላለን?
— ወደ ጤና ጣቢያ ቶሎ የሚያስሄዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? ማንበብ ለማይችል ጎረቤት እናንብብለት።