«የሸሸ አይዋጋም» ላላችሁን ሁሉ

አንድ አባባል ሰልችቶናል። «አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ስለ አገሩ ምን አገባው? ወንድ ከሆነ እዚሁ ሆኖ ይታገል» የሚል። ማኪያቶ ፉት እያሉ ሲናገሩት ይጣፍጣል። እኛ ግን አንቀበለውም። ለምን? እስቲ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ጎራ እንበል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መስከረም 1938 ሂትለር፣ ሙሶሊኒ፣ ቻምበርሌይንና ዳላዲዬ ሙኒክ ላይ ተቀምጠው የአገሪቱን ዳር ድንበር ለጀርመን ቆርጠው ሰጡ። ባለቤቷን ማን ጠየቃት? ማንም! በዚያው ዓመት እንግሊዝ ጣልያን ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ ተቀበለች፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ባዝ ከተማ ስደት ላይ ነበሩ። እናም ታሪኩ ለእኛ የባዕድ ታሪክ ብቻ አይደለም።

መጋቢት 1939 ሂትለር ፕራግ ገባ። ስሎቫኪያ በበርሊን ጥላ ሥር ተገነጠለች። የቼክ ጦር ትጥቁን ፈቶ ተበተነ። አገር ቤት ቀርተው በኅቡዕ የታገሉ ነበሩ፤ እናከብራቸዋለን። ግን አውሮፕላን በኅቡዕ ይበራል እንዴ?

ስለዚህ ወጡ። ገሚሱ በፖላንድ፣ ገሚሱ በባልካን በኩል አድርጎ ፈረንሳይ ደረሰ። ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ እንግሊዝ ተሻገሩ። የኤድቫርድ ቤኔሽን የስደት መንግሥት እንግሊዝ ሐምሌ 1940 አወቀችው። በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ የራሳቸውን አራት ስኳድሮን አቆሙ፤ 310፣ 311፣ 312 እና 313። በ1941 ቶብሩክ ላይ ተሰለፉ። መጋቢት 1943 ደግሞ በሉድቪክ ስቮቦዳ የሚመራው ሻለቃ ከሶቪየት ጦር ጎን ሶኮሎቮ ላይ ተዋጋ።

«ፈሪ» የምትሏቸውን እንይ። ዮዜፍ ጋብቺክ ስሎቫክ፣ ያን ኩቢሽ ቼክ። ሁለቱም አምልጠው ወጥተው ነበር። ታኅሣሥ 1941 ማብቂያ ላይ ግን በፓራሹት ወደዚያው እሳት ተመለሱ! ግንቦት 27 ቀን 1942 ፕራግ ውስጥ ራይንሃርድ ሃይድሪክን አጠቁት፤ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ሰኔ 18 ከአምስት ጓዶቻቸው ጋር አንድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተከበው እስከ መጨረሻው ተዋጉ። አንዳቸውም በሕይወት አልወጡም።

የሚጎረብጠውንም አንደብቅም። ናዚዎች ሊዲትሴ የምትባለውን መንደር አጠፉ፤ በአንድ ቀን 173 ወንዶች ረሸኑ። የተደበቁትን ያስጠጋችውን ቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት በራሳቸው ላይ የወሰዱት ጳጳስ ጎራዝድም ተረሸኑ። ትእዛዙ ከለንደን መጣ፣ አንገቱ የተቆረጠው ግን አገር ቤት ነው። ስለዚህ ውጭ ያለውን ሰው «ርቀህ ስታዝዝ ማን እንደሚሞት ቆጥረሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ተገቢ ጥያቄ ነው። «ለምን ወጣህ?» ግን ጥያቄ አይደለም፤ ስድብ ነው።

ስድቡ የት እንደሚያደርስም ታይቷል። ኮሚኒስቶቹ የካቲት 1948 ሥልጣን ከያዙ በኋላ «ምዕራብ አገር የነበረ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው» ተባለ። እነዚያ አብራሪዎች ከሥራ ተባረሩ፣ ብዙዎቹ ታሰሩ። በጦርነቱ ዘመን ሞስኮ የነበረውን የስደት መንግሥት ወታደራዊ ልዑክ የመሩት ጄኔራል ሄሊዮዶር ፒካ ሰኔ 1949 በስቅላት ተገደሉ። በ1968 ፍርድ ቤት ነፃ አላቸው፤ ምን ያደርጋል?

ናዚ ያልገደላቸውን የገዛ አገራቸው ገደለቻቸው። ማስረጃው ምን ነበር? ከሁሉ በፊት፣ ውጭ መኖራቸው። ከማኪያቶው ጋር የምትደግሟት አባባል ጥርስ ስታወጣ ይህን ትመስላለች።