ጭራው ያለ ደጋን አይናገርም

በየሠርጉና በየስቱዲዮው ኪቦርድ የማሲንቆን ቦታ እየወሰደ መጥቷል። ይህን ዕድገት ብለው የሚያሞግሱ አሉ፤ የባህል ጥፋት ነው ብለው መሣሪያውን የሚያወግዙም አይጠፉም። ሁለቱም ወገኖች የነገሩን ሥር ስተውታል።

እንደ ቡርቧክስ ካሉት የጎንደር ዙሪያ መንደሮች የወጣ አዝማሪ ከፈረስ ጭራ የተሠራውን አንድ ክር የሚያናግረው በደጋኑ ክብደትና ፍጥነት ነው። የግራ እጁ ጣቶችም ክሩን ከአንገቱ እንጨት ጋር ሳያጣብቁ እየዳሰሱ ድምፁን ያንሸራትቱታል። የኪቦርድ ቁልፍ ግን አንዴ ከተመታ በኋላ የድምፁን ዕድል ለማሽኑ አሳልፎ ይሰጣል።

ይሁንና ይህ በቴክኒክ እጦት የመጣ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የያማሃ ዲ.ኤክስ. 7 ኪቦርድ የትንፋሽ መቆጣጠሪያ የሚሰካበት ቀዳዳ ነበረው። ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 የአገሩን ዜማ በኪቦርድና በአኮርዲዮን አዋሕዶ ተጫውቷል። ዛሬማ የትንፋሽን ግፊትና የክንድን እንቅስቃሴ የሚለኩ መሣሪያዎች ስላሉ፣ ትንፋሽ የደጋኑን ጫና፣ ክንድም የደጋኑን ምልልስ ተክቶ በኮምፒዩተር የሚመነጭን ማሲንቆ መምራት ይችላል።

የጎደለው ለአዝማሪው ጥበብ ሊሰጥ የሚገባው ክብር ነው። ድምፁን ቀድቶ ባለሙያውን የሚያሰናብት ሰው የጥበብ ወዳጅ ሊባል አይገባውም። ስለዚህም የኮምፒዩተር ማሲንቆ ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ ከአዝማሪው ዘንድ ተቀምጦ የደጋኑን አያያዝ ይማር፤ ለተማረበትም ተገቢውን ዋጋ ይክፈል። ይህ እስካልሆነ ድረስ ማሽኑ የሚያሰማው የማሲንቆን ጥላ ብቻ ነው።