የውሸት ትልና እውነተኛ ዕዳ

አሜሪካኖቹ ዓሣ ለማታለል ከሰው ሠራሽ ጎማ ትል ይሠራሉ። ትሏ ላይ የሚቀባው ሽፋን ሳይቀር ፓተንት ይወጣበታል፤ ፓተንት ባለበት ደግሞ ክስ አይጠፋም። ሳቃችሁን ያዙልኝ! ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ የእንጀራ ምጣድ ሠርቻለሁ የሚለው ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ታድለው! ወረቀቷን ይዘህ ለጥ ነው» አለኝ። ያጠራቀማትን ሁሉ ለፓተንት ሊያወጣ ነው። እኔ ግን የጎማው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ቻርልስ ጉድይር ይባላል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያኔ ጎማ ሲሞቅ የሚጣበቅ፣ ሲበርድ የሚሰነጣጠቅ የማይረባ ነገር ነበር። ናትናኤል ሄይዋርድ የሚባል ሰው ጎማው ላይ ድኝ ነስንሶ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣው ገጹ መጣበቁን ተወ። ጉድይር ይህን መብት ገዛ። እስከዚህ ድረስ እንግዲህ ነገሩ የሽፋን ጉዳይ ነው። በ1839 ግን ድኝና ጎማ ተቀላቅለው በእሳት ሲግሉ ጎማው እስከ ውስጡ እንደሚለወጥ ደረሰበት። ዛሬ መኪናችን የሚሽከረከረው በዚያ ግኝት ላይ ነው።

ታዲያ ሰውየው ቤሳቤስቲን የለውም። ገዢ ፍለጋ ናሙናው እንግሊዝ ተሻገረ። ቶማስ ሃንኮክ ናሙናውን አገላብጦ ድኙን ነቃበት፤ ኖቬምበር 1843 ላይ ፓተንት ጠየቀ። ጉድይር ያመለከተው ጃንዋሪ 1844 ነው። ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ እንግሊዝን አጣት!

በአገሩስ? በ1844 ፓተንቱን አገኘ፤ ወዲያው ቀጂ ፈላበት። ትልቁ ክስ ከሆራስ ዴይ ጋር በ1852 ሆነ። ጠበቃው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳንኤል ዌብስተር፣ ያኔ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር! ክፍያው 15 ሺህ ዶላር ነበር ይባላል። ጉድይር ረታ፣ ፈቃድ የገዙት የጫማ ባለፋብሪካዎችም ተደሰቱ። እሱ በ1855 ፓሪስ ውስጥ በዕዳ ታሰረ፤ በ1860 ሲሞት 200 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረበት። በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ የተቋቋመው በ1898 ነው፤ ከስሙ በቀር ከእሱም ከቤተሰቡም ጋር የሚያገናኘው የለም።

የእኛም የ1987 ዓ.ም. አዋጅ ለፓተንት 15 ዓመት ሰጥቷል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ 5 ዓመት ይጨመራል። ጥሩ። ግን ቀጂውን ፈልጎ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ቀጠሮ የሚመላለሰው ባለፈጠራው ራሱ ነው። መድረክ ላይ ለወጣት ፈጣሪዎች ዋንጫ የምታድሉ ሆይ፣ ዋንጫው ይቅርና የሁለት ዓመት የጠበቃ ክፍያ ስጧቸው። ጭብጨባ ችሎት አይገባም።

ለጓደኛዬም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ከብሩ ግማሹን ለጠበቃ አስቀምጥ፣ ማመልከቻህ ሳይገባ ምጣዱን ለማንም አታሳይ። ተኮሳተረብኝ። ለካስ ባለፈው ሳምንት ለአንድ አስመጪ አሳይቶታል።