ቱቫሉ ትሰምጣለች ወይስ ታድጋለች?

የቱቫሉ ስም በዜና የሚነሳው ባሕር ሊውጣት ነው እየተባለ ነው። በ2018 ግን የባሕር ዳርቻ ተመራማሪው ፖል ኬንችና ባልደረቦቹ የፓስፊኳን ትንሽ አገር የቆዩና የቅርብ ጊዜ ምስሎች አስተያይተው ብዙዎችን ያስገረመ ውጤት አሳተሙ። ከ1971 እስከ 2014 ባሕሩ ከዓለም አማካይ እጥፍ ገደማ በሆነ ፍጥነት ከፍ ሲል፣ የአገሪቱ መሬት በ2.9 በመቶ ሰፍቷል።

ምክንያቱ ያለው አሸዋው ውስጥ ነው። የዋና ከተማዋን የፉናፉቲን የባሕር ዳር አሸዋ ዘግኖ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቅርፊቶች ያገኛል። የፎራሚኒፌራ ቅርፊቶች ናቸው፤ ባለቤቶቹ ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረታት በኮራሉ አለት ላይ ኖረው የሞቱ ናቸው። ኮራሉ በከበበው የባሕር ክፍል፣ በላጉኑ ውስጥ ደግሞ ሃሊሜዳ የተባለው አልጌ ሲሞት የሚበትነው ኖራማ ስብርባሪ ይበዛል። ይህን ሁሉ ወደ ዳር እየገፋ መሬት የሚሠራው ማዕበል ነው፤ ሁልጊዜ አፍራሽ አይደለም። በ1972 ቤቤ የተባለው አውሎ ነፋስ ፉናፉቲን አውድሞ ሲያልፍ፣ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮራል ስብርባሪ ከባሕር አውጥቶ ከምሯል።

ሆኖም ከ101 ደሴቶች 28ቱ ጠበዋል። ከአየር የተነሳ ፎቶግራፍም የመሬቱን ስፋት እንጂ የጉድጓዱን ውሃ ጣዕም አያሳይም። የቱቫሉ ሰው ፑላካ የሚባለውን የጎደሬ ዘመድ የሚተክለው እስከ ከርሰ ምድር ውሃ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ጨው ሲገባበት ተክሉ ይሞታል። በዚያው በ2018 በማርሻል ደሴቶች ላይ ተመሥርቶ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ማዕበል እየተሻገረ የመጠጥ ውሃቸውን ስለሚበክለው አብዛኞቹ አቶሎች (ላጉን የሚከብቡ የኮራል ደሴቶች) በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለኑሮ እንደማይመቹ ይተነብያል።

ሁለቱን ጥናቶች እንደ ተቃራኒ ማየት ስህተት ይመስለኛል፤ አንዱ የለካው መሬቱን ነው፣ ሌላው ያሰበው ስለ ነዋሪው ነው። የኬንችን ልኬት አምናለሁ። ለመጪው ጊዜ ዋስትና አድርጎ መያዙን ግን አልቀበልም፤ ያ አሸዋ የተገኘው ሕይወት ካለው ባሕር ነውና። ውሃው ሲሞቅ ኮራሉ ይነጣል፣ ከመንደር የሚፈስ ቆሻሻም ፎራሚኒፌራን ይጎዳል።

መንግሥት የፉናፉቲ ዋና ደሴት በሆነችው በፎንጋፋሌ ከላጉኑ አሸዋ አውጥቶ 7 ሄክታር ገደማ ከፍ ያለ መሬት ሠርቷል። ማዕበል በር ላይ ለደረሰበት ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን በየዓመቱ ከላጉኑ የሚወጣው አሸዋ እዚያው ከሚፈጠረው ጋር ካልተመዛዘነ፣ ቀሪዎቹ ደሴቶች የሚታደሱበት ክምችት ይመናመናል።